ትንፋሽ ሲቆም የምትነቃው ፍሬ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ልማዴ ግን አብሮኝ ጡረታ አልወጣም። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ደረቱ ይሄዳል። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ትንፋሹ ትንሽ ከዘገየ የእኔም አብሮ ይቆማል። ባለፈው ሰሞን ከሰበታ ወደ አየር ጤና ስሄድ አንድ ጎልማሳ ሲያንኮራፋ ቆየና ድንገት ጭጭ አለ። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ እየተናነቀ ነቃ።

«ወንድሜ፣ የደም ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

እንደ ጠንቋይ አየኝ። ያለኝን ሁሉ ልነግረው ስጣደፍ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ። ያንን ለልጄ ሳጫውታት፣ «እማዬ፣ ተሳፋሪ ከምታስደነግጪ ለምን አትጽፊውም?» አለችኝ። ስለዚህ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ።

ስሜ ዘነበች ነው። ሰው የሚያውቀኝ ሲስተር ዘነበች በሚለው ነው። የተወለድኩት ተፍኪ ከገበሬ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያልኩ ስላደግኩ በሁለቱም እስቃለሁ፣ በሁለቱም እቆጣለሁ። የነርስነት ዘመኔን በሙሉ የሠራሁት በሦስት ከተሞች ነው፤ መጀመሪያ ሱሉልታ፣ ቀጥሎ ቡራዩ፣ በመጨረሻ ሰበታ። አዲስ አበባን ዙሪያዋን ዞርኳት እንጂ አንድም ቀን ገብቼ አልሠራሁባትም። ስለ ደመወዝና ስለ እድገት ብዙ የምለው የለኝም። ሁለቱም ዘግይተው መጡ፣ ግን መጡ። የምጽፈው ስለ ትንፋሽ ነው። ስለ አንድ የበደልኩት ሰውም ነው።

ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ስመደብ ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ብርዱ ከአጥንት የሚገባ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ጤና መኮንኑ ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው፣ አደ ደግሞ ወይዘሮ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይም ቢሆን ሹራብ የማያወልቁ ሰው። ሲናገሩ አይጮኹም፣ ሲቆጡም አይጮኹም። እንዲያውም ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ይላል።

በሁለተኛው ቀን የሞላኋቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ገለጡና፣

«ዘነበች፣ የዚህች ሴትዮ ትንፋሽ በደቂቃ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ።»

«የዚህስ ሽማግሌ?»

«ሃያ።»

«የሱሉልታ ሰው ሁሉ ተማክሮ ነው ሃያ ሃያ የሚተነፍሰው?»

ፊቴ ጋለ። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሙቀት ይለካል፣ ግፊት ይለካል፣ ትንፋሽ ግን ብዙ ጊዜ በግምት ይጻፋል። ሃያ ደግሞ ማንንም የማያስነሳ ቁጥር ነው። ኦቦ ገመቹ አልሰደቡኝም። ወንበር ስበው ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው በመዳፋቸው ያዙ። በሌላው እጃቸው የሽማግሌውን የእጅ አንጓ ይዘው የልብ ምት የሚቆጥሩ መሰሉ፤ ዓይናቸው ግን ደረቱ ላይ ነበር። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል፤ ስለዚህ አያሳውቁትም። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይወዱም። ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። «ችግሩ የሚመጣው ባልቆጠርሽው አርባ አምስት ሰከንድ ውስጥ ነው» ይሉኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በሽተኛውን መርምረው ሲጨርሱ «አብሮህ የሚተኛው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ባልም ሚስትም፣ እህትም ወንድምም ቢሆን ጠርተው ያነጋግሩታል። ሰው ተኝቶ ሳለ የሚሆነውን ራሱ ሊነግረን አይችልም፤ ምስክሩ ሌላ ሰው ነው፤ ሐሳባቸው ይህ ነበር። እኔ መጀመሪያ ላይ ያለ ቦታው የሚጠየቅ ጥያቄ ይመስለኝና አፍር ነበር።

አንድ ቀን አሠልጣኝ አንዲት ሯጭ ይዞ መጣ። ልጅቷ ከአርባ ምንጭ አካባቢ ለልምምድ ወደ ሱሉልታ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ራሷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏታል። አብራት የምትተኛው ጓደኛዋ ተጠራች። «ስትተኛ ትንፋሿ እየጠለቀ፣ እየጠለቀ ይሄድና ቀጥ ይላል። ከዚያ ደግሞ ይጀምራል» አለች።

«ሳንባዋ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ልመልሳት» አለ አሠልጣኙ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

ኦቦ ገመቹ የሹራባቸውን አንገትጌ ወደ ታች ሳቡና መንጋጋቸው ሥር፣ የልብ ምት የሚነካበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

«እዚህ ጋ በግራም በቀኝም የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር አለች። ወደ ጭንቅላት የሚያልፈውን ደም እየቀመሰች ኦክስጅን ሲያንስ ትጮኻለች። ሰውየው በጥልቀት የሚተነፍሰው እሷ ስለጮኸች ነው። ቆላ ሳለሽ ይህን ያህል ሥራ አልነበራትም። እዚህ ስትመጪ አየሩ ሳሳባትና ደነገጠች፤ አንዴ ታበዛዋለች፣ አንዴ ትተወዋለች። ጥቂት ቀን ስጫት። ትነቃቃለች፣ ልኩንም ታገኘዋለች።»

ልጅቷ በቀስታ እንድትራመድ፣ እንዳትሮጥ ተነገራት። በየቀኑ እየመጣች ትንፋሿን እኔ ቆጠርኩላት፤ ሙሉ ደቂቃ። ሳምንት አልፎ ጥቂት ቀን ሲሆን እንቅልፏ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር በጤና ጣቢያው በር ስትሮጥ እጇን ታውለበልብልን ነበር።

ያን ጊዜ ኦቦ ገመቹን ጠየቅኳቸው፤ «ታዲያ ፍሬዋ ንቁ መሆኗ ሁልጊዜ ጥሩ ነው?»

«ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ቀንም ሌሊትም እኩል ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ታውቀዋለች፣ ትለምደዋለች። እኔን የሚያስፈራኝ የሚመላለሰው ነው። ሲጠፋ፣ ሲመጣ፣ ሲጠፋ፣ ሲመጣ። ያ መላ ቅጧን ያጠፋዋል» አሉኝ።

ሰማሁ፤ በደብተሬም ጻፍኩ። በኋላ ግን ረሳሁት።

ቡራዩ የተዛወርኩት ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ተሰጠኝ። ወረፋው ከክፍሉ በር ተነስቶ የግቢው በር ይደርሳል። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ሙሉ ደቂቃዬ ግማሽ ሆነ፤ ግማሹም ሩብ ሆነ። አብሮህ የሚተኛው ማነው የሚለውን ጥያቄ መቼ እንደተውኩት እንኳ አላስታውስም።

ኦቦ ቱሉ የጠጠር መኪና ሹፌር ነበሩ። ወፍራም አንገታቸው የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ አያስቆልፍም። ከቡራዩ ጠጠር ጭነው እስከ ገላን፣ እስከ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያደርሳሉ። ግፊታቸው አልወርድ አለ። አንድ መድኃኒት ተጀመረ፣ አልሆነም። ሁለተኛ ተጨመረ፣ አልሆነም። ወረፋ ሲጠብቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ሳያቸው በልቤ «ማታ ሲጠጡ አምሽተው ነው» አልኩ። መጠጥ እንደማይወዱ ያወቅሁት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ሚስታቸው አደ ጫልቱ አብራ መጣች። ቁጥብ ሴት ናት። ግፊቱን ለክቼ ራሴን ስነቀንቅ አየችና፣

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለችኝ። «ሲተኛ ያንኮራፋል። ማንኮራፋቱስ ይሁን። መሃል ላይ ግን ትንፋሹ ይጠፋል። እኔ በክርኔ ካልገፋሁት አይመለስም።»

«ማንኮራፋት በሽታ አይደለም፣ አደ ጫልቱ» አልኳት። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ኦቦ ቱሉ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መድኃኒቱን አይውጡትም አይደል?»

«እውጣለሁ።»

«የሚውጥ ሰው ግፊት እንዲህ አይሆንም።»

«እየዋጥኩ ነው፣ ሲስተር።»

ወረፋ ላይ ያለው ሰው ይሰማል። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እንግዲህ ራሳችሁን ካልረዳችሁ እኛ ምን እናድርግ?» አልኩ። ካርዳቸው ላይም «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ብዬ ጻፍኩ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያደረሰችውን ጉዳት ብዙ ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ከእኔ በኋላ ካርዱን ያየ ሐኪም ሁሉ ሌላ ምክንያት አልፈለገም፤ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ብሎ ይሸኛቸዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኦቦ ቱሉ መኪናቸውን አቁመው ጠጠር ሲያራግፉ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። አደጋው እየነዱ ሳለ ቢደርስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሕይወታቸው ተረፈ። ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ፣ አፋቸውም ተያዘ።

አደ ጫልቱ በሳምንቱ መጣች። ወረፋ አልጠበቀችም። በቀጥታ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፌስታል ዘረገፈች። ባዶ የክኒን ማሸጊያ ነበር፤ ክኒኖቹ ተፈልቅቀው የወጡበት፣ ክምር ሙሉ።

«ያን ቀን ከሄድን ጀምሮ አንዱንም አልጣለም። ሲስተር ካላመነችኝ አሳያታለሁ እያለ ነው ያስቀመጠው። ቁጠሪው!» አለችኝ።

ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትለኝ ሴት አንቺ አለችኝ። መሬት ላይ የወደቁትን ማሸጊያዎች እየለቀምኩ አብሬያት አለቀስኩ፤ እሷ ግን ዞር ብላም ሳታየኝ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ጡረታ ወጥተው ጓሯቸው ውስጥ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። «አካም ጅርታ ዘነበች?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። ደህና ነኝ ማለት ስላልቻልኩ በቀጥታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አብሯቸው የምትተኛውን ጠየቅሽ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አልሰማኋትም።»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። መቆጣታቸውን አወቅሁ።

«ሰውየው በተኙ ቁጥር ጉሮሯቸው ይዘጋል። ኦክስጅን ይወርዳል። አንገት ውስጥ ያለችው ፍሬ ትጮኻለች። ጩኸቷ ደግሞ ትንፋሽ ብቻ አይቀሰቅስም፤ ልብን ታስሮጣለች፣ የደም ሥሮችን ታጠባለች። ሰውየው ግማሽ ነቅተው ይተነፍሳሉ፣ ኦክስጅኑ ይመለሳል። እንደገና ይተኛሉ፣ እንደገና ይዘጋል። በአንድ እንቅልፍ ስንት ጊዜ! ይህ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ፍሬዋ ራሷ ትለወጣለች። ለትንሽ ነገር መጮኽ ትጀምራለች። ኋላ ላይ ሰውየው ነቅተው፣ በደንብ እየተነፈሱም ቀኑን ሙሉ አትተኛም። አንቺ ክኒን ትጨምሪያለሽ፣ እሷ የደም ሥሩን ታጠባለች። ሰውየው አልዋሹሽም፣ ዘነበች።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ የጻፍሽውን ሰርዢ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ። እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አዲሱን እነሱ ያውቃሉ።»

በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩን በአንድ መስመር ሰርዤ ሥሩ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ኃላፊዬ እንዲህ ያለ ነገር ካርድ ላይ አይጻፍም ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ አልኩ። ቤታቸው ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ አደ ጫልቱ በሩን በግማሽ ከፍታ «ተኝቷል» ብላ መለሰችኝ። ሐኪሙን ስለ እንቅልፋቸው ባነጋግረውም በዚያን ጊዜ እኛ ጋ የምንመረምርበትም የምናክምበትም አልነበረም። በዚህ መሃል ዝውውሬ ወጣና ወደ ሰበታ ሄድኩ። ነገሩ ግን ከላዬ አልወረደም።

ሰበታ ሆስፒታል የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ዶክተር ሕሊና የምትባል የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበረች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ በእውቀት ግን አለቃዬ ነበረች። ታዳምጣለች። የኦቦ ቱሉን ታሪክ ስነግራት፣ «ሲስተር፣ የእንቅልፍ መመርመሪያ ማሽን የለንም። ኦክስጅን የሚለካ የጣት መቆንጠጫ ግን አለን፤ የእርስዎም ዓይን አለ። በዚያ እንጀምር» አለችኝ። ሙሉ ደቂቃዬ ተመለሰች።

አስቴር ወደ እኛ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሆሳዕና አካባቢ መጥታ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት። ቆማ ስታንቀላፋ እጇ ወደ ማሽኑ ሲሄድ የፈረቃ አለቃዋ ደርሶ ያዛት። «ጤነኛ ነሽ የሚል ወረቀት ካላመጣሽ ማሽን አትነኪም» ተብላ ነው የመጣችው። ማሽን ካልነካች ሥራ የላትም፤ ሥራ ከሌላት ደግሞ ተመልሳ መሄዷ ነው። ግፊቷን ለካሁ። በዚያ ዕድሜ የማይጠበቅ ነው። ሌላ ቦታ ሁለት መድኃኒት አስጀምረዋታል።

«መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» አልኳት።

«እወስዳለሁ፣ ሲስተር።»

«አምኜሻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «አብሮሽ የሚተኛው ማነው?»

አቀረቀረች። «አሁን ማንም። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ነበር የተከራየሁት። ጥለውኝ ወጡ።»

አንደኛዋ ማርታ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ ደጅ ቁጭ ብላ ነበር። አስጠራኋት። ማርታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ስትተኛ የሚያንቃት ነገር አለ» አለችኝ። «ትንፋሿ ይጠፋል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ጓ! ብላ ትነሳለች። መንፈስ መስሎን ጾመን ጸለይንላት። ፈራን፣ ወጣን።»

«ጸሎቱን ቀጥሉ። እኔ ደግሞ ጉሮሮዋን ልይ» አልኳት።

አፏን አስከፍቼ ባትሪ አበራሁ። ቶንሲሎቿ ከማበጣቸው የተነሳ መሃል ላይ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። አየር የሚያልፍባት ቀዳዳ ጠባብ ስንጥቅ ሆናለች። ቁጭ ስትል ትበቃለች፤ ጋደም ስትል ግን ትዘጋለች።

አስቴር የምትሠራው የማታ ፈረቃ ስለነበር የምትተኛው ቀን ነው። ከማሽን ከታገደች በኋላም ያ ልማድ አልለቀቃትም፤ ሌሊቱን ነቅታ አድራ ጠዋት መጣችልን። ጥግ ላይ ያለ አልጋ ሰጠናት፣ መቆንጠጫውን ጣቷ ላይ አደረግኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች፣ ደጅ ወረፋ የያዙት ሰዎች ይንጫጫሉ። እሷ ወዲያው ጭልጥ አለች። ሰዓቴን ፈትቼ በመዳፌ ያዝኩ።

ማንኮራፋቷ ተጀመረ። ከዚያ ጸጥታ። ደረቷና ሆዷ ይታገላሉ፤ አንዱ ሲነሳ አንዱ ይሰምጣል፤ አየር ግን አያልፍም። መቆንጠጫው ላይ ያለው፣ ከዘጠና በታች መውረድ የሌለበት ቁጥር መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ዘጠና። ሰማንያ አራት። ሰባ ስምንት። የልብ ምቷ ተፈተለከ። ድንገት ጓ! ብላ ተነፈሰች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ዞር አለች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ገና ሳልጽፍ እንደገና ዝም አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እየቆጠርኩ ወረቀቴን ሞላሁ። የማየው አስቴርን ብቻ አልነበረም፤ አደ ጫልቱ ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ስታየው የኖረችውን ነገር ነበር።

ዶክተር ሕሊና ወረቀቱን አይታ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ላከቻት። ቶንሲሎቿ በቀዶ ሕክምና ወጡ። ጉሮሮዋ ድኖ እንደገና ጠዋት አስተኝተን ስንቆጥር ትንፋሿ አንድ ወጥ ሆኗል። ዶክተር ሕሊናና እኔ ተቃቀፍን።

ግፊቷ ግን እንዳለ ነው። በሳምንቱም እንዳለ ነው። በሁለት ሳምንቱ ትንሽ እንኳ አልወረደም። ፋብሪካው ወረቀቱን ይጠይቃል። አስቴር «ሲስተር፣ ሌላ በሽታ ይሆን?» ትለኛለች። እንደገና ተሳስቼ ይሆን? ለኦቦ ገመቹ ስልክ ደወልኩ።

«ስንት ዓመት ነው እንዲህ ስትተኛ የኖረችው?» አሉኝ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ ታንኮራፋ ነበር አሉ።»

«ታዲያ ፍሬዋ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችውን በሁለት ሳምንት ትረሳለች ብለሽ ነው? የለመደችውን ጩኸት ቀስ ብላ ነው የምትተወው። አንዳንድ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉም ላትተው ትችላለች። መድኃኒቱን አታቁሙ፤ ታገሱ፣ ለኩ።»

ታገስን። ዶክተር ሕሊና ለፋብሪካው ጽፋ አስቴር ለጊዜው ከማሽን ርቃ ክር ማሸግ ላይ እንድትሠራ አስደረገች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግፊቷ ወረድ አለ። በሦስተኛው ወር ዶክተሯ አንዱን መድኃኒት አስቆመቻት። «ለሥራ ብቁ ናት» የሚለውን ወረቀት ስንሰጣት ማርታ አብራት ነበረች። ሁለቱ እንደገና አብረው ቤት ተከራይተዋል። «አሁን እኔ ነኝ የማንኮራፋው» አለች ማርታ። የሳቃችን ድምፅ ወረፋው ድረስ ተሰማ።

ያን ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ዶክተር ሕሊናን አስፈቅጄ መቆንጠጫውን በቦርሳዬ ያዝኩና በማግስቱ ቡራዩ ሄድኩ። አደ ጫልቱ በሩን በግማሽ ከፈተች።

«ያን ቀን የነገርሽኝን አሁን ልሰማሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ብዙ ቆማ አየችኝ። ከዚያ በሩን ሙሉ ከፈተችው።

ኦቦ ቱሉ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ተኝተው ነበር። ሳንቀሰቅስ መቆንጠጫውን አደረግኩላቸው። ያው ነው፤ የአስቴር ነው፣ እንዲያውም የባሰ። ሲነቁ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ኦቦ ቱሉ፣ መድኃኒቱን ይውጡት ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አፋቸው ስለተያዘ ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። «እጄ… አይደለም የከበደኝ። ሰው ፊት… ውሸታም መባሌ ነው።» ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አሁን… ቀለለኝ።»

ሰበታ አስመጣናቸው። የእሳቸው ጉሮሮ በቀዶ ሕክምና የሚፈታ አልነበረም። መጀመሪያ የሠራነው ቀላል ነገር ነው፤ አደ ጫልቱ በጀርባቸው እንዳይተኙ የካልሲ ኳስ ከሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ሰፋች። በጎናቸው ሲተኙ ተሻላቸው፤ ግን አልበቃም። በኋላ ዶክተር ሕሊና አንዲት ሌላ ታካሚ ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን፣ በጭንብል አየር የሚገፋ ማሽን አገኘችላቸው። መብራት ሲጠፋ ወደ ካልሲ ኳሱ ይመለሳሉ። ግፊታቸው ከወር ወር ወረደ፤ እንደ አስቴር ባይሆንም ወረደ። እጃቸው አልተመለሰም፤ መሪ ዳግመኛ አልያዙም። ይህን የሚመልስልኝ የለም። ሌላ ስትሮክ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ወረፋ ላይ ማንቀላፋትም ቀርቷል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ሰው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ምንም መሣሪያ አልነበረም። አደ ጫልቱ በሩ ላይ እየሳቀች ጠበቀችኝ።

«ሲስተር፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሆንኩ መሰለዎት? የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሳልሰማ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም፤ ነቅቼ እየገፋሁት፣ ማሽኑ ከመጣ ወዲህም ከልማድ ነቅቼ እያዳመጥኩት ስለማድር። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። ክው አልኩ። ሞቷል አልኩ። እጄን ደረቱ ላይ ሳደርግ፣ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ደህና ተኝቷል። እኔ ነኝ ያረፈድኩት!»

ኦቦ ቱሉ ከውስጥ «እንኳንም… አረፈድሽ» አሉ።